ቃልን ከጅራቱ መያዝ፦ የአማርኛ ክሮስወርድን በፍጥነት ስለ መፍታት

ክሮስወርድ ፈትቶ የጨረሰ ሰው ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የማያውቀውን ነው፤ አንዲት የሩቅ ከተማ፣ አንድ የግዕዝ ቃል፣ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች። ሰዓቱን የበሉት ግን እነዚያ አይደሉም። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ጨርሶ የማይታወቁ መልሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ዙሪያቸው ሲሞላ ራሳቸው ይወጣሉ። ጊዜ የሚፈጁት የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። ምላስ ላይ ደርሰው አልወጣ ያሉ፣ «ሄዱ» መሆን ሲገባቸው «ሄደ» ተብለው የተጻፉ፣ ሳጥን ጎደላቸው ወይም ተረፋቸው ተብለው ያለ ጥፋታቸው የተሰረዙ።

ስለዚህ ፍጥነት የሚሻ ፈቺ የቃል ክምችቱን ከማሳደጉ በፊት ሊያየው የሚገባ ነገር አለ፤ ፍንጩ የተጻፈበት ሰዋስው። የአማርኛ ቃል ማንነቱን በጅራቱ ይናገራል። ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ አንቱ የሚባል ይሁን አንተ፣ አድራጊ ይሁን መሣሪያ፣ አብዛኛው መጨረሻው ሆሄ ላይ አለ። መልሱ ሳይታወቅ መጨረሻው ሊታወቅ ይችላል። መጨረሻው ሲታወቅ ደግሞ በዚያ ሳጥን የሚያልፈው ሌላው ቃል መንገዱን አጋመሰ ማለት ነው።

ጨዋታው የተወለደው በእንግሊዝኛ ነው። ሊቨርፑል ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ጋዜጠኛ አርተር ዊን የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ «ኒውዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ያወጣው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በፍጥነት የመፍታት ውድድርም አሜሪካ ውስጥ ሥር ሰድዷል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በኮኔቲከት ግዛት በስታምፎርድ ከተማ የተጀመረው የአሜሪካ የክሮስወርድ ውድድር ነጥብ የሚሰጥበት መንገድ ለማንኛውም ፈቺ ትምህርት አለው። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ቃል 10 ነጥብ፣ ከተመደበው ጊዜ ለተረፈ ለእያንዳንዱ ሙሉ ደቂቃ 25 ነጥብ፣ ሠንጠረዡ ስህተት ከሌለበት ተጨማሪ 150 ነጥብ ይሰጣል። አሁን አንድ ፊደል ብቻ ተሳሳተ እንበል። በዚያ ሳጥን የሚያልፉት ሁለት ቃላት ይበላሻሉ፤ 20 ነጥብ ሄደ። 150ውም ሄደ። ከጊዜው ነጥብ ላይ ደግሞ 25 ይቀነሳል። ድምሩ 195 ነው፤ ወደ ስምንት ደቂቃ የሚጠጋ ጥድፊያ በአንድ ሳጥን ይቀልጣል። አንድን መልስ ከመጻፍ በፊት ለማረጋገጥ የሚጠፋው ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ከዚህ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ወዲያ ግን የእንግሊዝኛ ፈቺዎች ምክር እንዳለ ለእኛ አይገለበጥም። የእነሱ ሳጥን የሚይዘው ከ26 ፊደላት አንዱን ነው። የእኛ ሳጥን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይይዛል፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት (ግዕዝ በ፣ ካዕብ ቡ፣ ሣልስ ቢ፣ ራብዕ ባ፣ ኃምስ ቤ፣ ሳድስ ብ፣ ሳብዕ ቦ) ሲባዙ፣ እንደ «ሯ» ያሉት ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ሆሄያት ይሆናሉ። ለፈቺው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ትክክለኛ መገናኛ ሳጥን ብቻ የሚታሰቡትን ቃላት ወደ ጥቂት ያወርዳቸዋል። ለአዘጋጁ ግን ፈተና ነው፤ ሁለቱ ቃላት «በ» ላይ መገናኘታቸው አይበቃም፣ በዚያው ቤት መገናኘት አለባቸው፤ «ቡ» ከ«ብ» ጋር አይገጥምም። በዚህ ምክንያት የአማርኛ ሠንጠረዥ ጥቁር ሳጥን ይበዛበታል፣ መልሶቹም አጠር ይላሉ፣ አንድ ቃል ብቻ የሚያልፍባቸው ብቸኛ ሳጥኖችም ይኖሩታል። እነዚህን ብቸኛ ሳጥኖች መጨረሻ ላይ እንመለስባቸዋለን።

ጅራት

ፍንጭና መልስ በሰዋስው አንድ ናቸው። ፍንጩ «ሰጠ» ካለ መልሱ «ቸረ» ወይም «ለገሰ» ነው፤ «መለገስ» ወይም «ልግስና» ሊሆን አይችልም። ይህን ሕግ ሁሉም ፈቺ ያውቀዋል፤ ከእሱ የሚገኘውን ጥቅም ግን አብዛኛው ሰው መልሱ ከመጣለት በኋላ ለማረጋገጫ ያውለዋል። መዋል ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

ፍንጩ ያለቀ ድርጊት ሆኖ ስለ አንድ ወንድ ከተናገረ የመልሱ መጨረሻ ግዕዝ ነው (ለገሰ፣ ነጎደ፣ አረፈ)፣ አለዚያም ራብዕ ነው (በላ፣ ሰማ፣ መጣ)። ስለ ሴት ከሆነ ያለ ምንም ማወላወል «ች» ነው። ስለ ብዙዎች ከሆነ ካዕብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ አክብሮትም በካዕብ ይመጣል። ፍንጩ «ሞቱ» ቢል ብዙ ሰዎች ሞቱ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ትልቅ ሰው አረፉ ማለትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው፤ በሁለቱም መንገድ መልሱ «አረፉ» ነው፣ መጨረሻውም «ፉ» ነው። «ሄዶ»፣ «በልቶ» ዓይነት ፍንጭ መልሱን በሳብዕ ይጨርሰዋል፤ «ሄዳ»፣ «በልታ» ደግሞ በራብዕ።

ፍንጩ «መሮጥ» ወይም «ማለፍ» እንደሚለው ከሆነ የመጀመሪያው ሳጥን «መ» ወይም «ማ» ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ሳድስ ነው። ስለ ቃሉ አንዳች ሳይታወቅ ሁለት ሳጥን በግማሽ ተሞላ ማለት ነው። በመገናኛው መጨረሻ ላይ «ት» ከወጣ ደግሞ ግሡ ብዙ ጊዜ ከእነ በላ፣ ሰማ፣ ረሳ ወገን ነውና (መብላት፣ መስማት፣ መርሳት) ፍለጋው ይበልጥ ይጠባል።

የአድራጊ ስም የበለጠ ይጣፍጣል። «የሚጠብቅ»፣ «የሚሰብር» የሚል ፍንጭ መልሱን ሦስት ሳጥን ላይ ካስቀመጠው መሐሉ ራብዕ፣ መጨረሻው ሣልስ ይሆናል፤ ጠባቂ፣ ሰባሪ። ነገር ግን የግሡ የመጨረሻ ፊደል ከጥርስ ጀርባ የሚነገር ከሆነ ሣልሱ ይጠፋና ፊደሉ ይለወጣል። ተ ወደ ች (ከፋች)፣ ደ ወደ ጅ (ወሳጅ)፣ ጠ ወደ ጭ (ሯጭ)፣ ነ ወደ ኝ (ለማኝ)፣ ሰ ወደ ሽ (አፍራሽ)፣ ዘ ወደ ዥ (ያዥ)፣ ለ ወደ ይ (ገዳይ)። ች፣ ጅ፣ ጭ፣ ኝ፣ ሽ፣ ዥ፣ ይ፤ እነዚህን ሰባት በቃል መያዝ አንድ ከሰዓት አይፈጅም፣ የሚቆጥበው ጊዜ ግን ለዓመታት ነው። «ገዥ» እና «ገዢ» ሁለቱም እንደሚጻፉ ብቻ አይዘንጉ።

መሣሪያና ቦታ ደግሞ በራብዕ ያልቃሉ። መክፈቻ፣ መቁረጫ፣ መጥረጊያ፣ መውጫ፣ ማጣሪያ። ፍንጩ «የሚጠረግበት» ወይም «የሚወጣበት» ካለ መነሻው መ ወይም ማ፣ መድረሻው ራብዕ ነው። «ደግ መሆን» የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳጥኖች በ«ነት» ያስሞላል፣ «ተራራ የበዛበት» በ«ማ» ያስጨርሳል።

ብዙ ቁጥር ላይ ግን እጅን ያዝ ማድረግ ይገባል። እንግሊዝኛ ፈቺዎች ፍንጩ ብዙ ቁጥር ከሆነ መጨረሻው ሳጥን ላይ የብዙ ቁጥር ምልክታቸውን ወዲያው ይጽፋሉ። እኛም «ች»ን እንዲሁ ለመጻፍ እንቸኩላለን፤ ከፊቷ ሳብዕ እንዳለም እናውቃለን (ቤቶች፣ ልጆች)። ነገር ግን ፍንጩ የቤተ ክህነት፣ የትምህርት ወይም የመሥሪያ ቤት ሽታ ካለው ግዕዙ ይቀድማል፤ መምህራን፣ ቅዱሳን፣ ካህናት፣ ቃላት፣ መጻሕፍት፣ ሊቃውንት። እዚያ መጨረሻው «ን» ወይም «ት» ነው። በ«ች» የተሳሳተ ሳጥን ደግሞ ተሻጋሪውን ቃል ይዞ ይሄዳል።

አንድ ችግር ይቀራል። ፊደላችን ብቻውን ለቆመ ተነባቢ ምልክት የለውም፤ ቤቱ ሳይታወቅ ተነባቢውን ብቻ መጻፍ አይቻልም፣ ቤቱ ታውቆ ተነባቢው ካልታወቀም እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቤቱ ብቻ ሲታወቅ በሳጥኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ ቁጥሩን በትንሹ መጻፍ፤ 4 ለራብዕ፣ 3 ለሣልስ፣ 6 ለሳድስ። ተነባቢው ብቻ ሲታወቅ ሳድሱን በትንሹ ጥግ ላይ ማስቀመጥ። በእርሳስ፣ በቀላሉ፤ ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም፣ ትልቁ ሆሄ ሲጻፍ ይሸፍነዋል።

ከአገር ውጭ አድገው አማርኛን በጆሮ አሳምረው የሚያውቁ፣ ሲያነቡ ግን የሚያዘግሙ ወጣቶች ይህን መንገድ ቶሎ ይይዙታል። በ«ሄደ» እና በ«ሄዱ» መካከል ያለው ልዩነት በጆሯቸው ውስጥ ስላለ የሚቀራቸው ከሆሄው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። አምስት በአምስት የሆነ ትንሽ ሠንጠረዥ ለዚህ ይበቃል።

አንድ ጥግ በቅርብ ሲታይ

አራት ሳጥን በአራት ሳጥን የሆነ ጥግ እንውሰድ። ወደ ጎን የመጀመሪያው መልስ አራት ሳጥን ነው፤ ፍንጩም «ለቤት ብርሃንና አየር የሚያስገባ»። በሦስተኛው ረድፍ ወደ ጎን ሦስት ሳጥን አለ፣ «ወሰን»። ወደ ታች ከመጀመሪያው ሳጥን አራት ሳጥን ይወርዳል፣ «ጎዳና»። ከሦስተኛው ሳጥን ደግሞ ሦስት ይወርዳል፣ «በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታይ»።

በዝርዝሩ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው ወደ ጎን ያሉትን ፍንጮች ሁሉ አንብቦ ነው ወደ ታች የሚዞረው። እሱ «ወሰን» ላይ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ነው የሚያየው። ገደብ? ዳርቻ? ሁለቱም ሦስት ሳጥን ናቸው። ያመነታል። «በሌሊት ሰማይ ላይ» ላይም እንዲሁ፤ ኮከብም ጨረቃም ሦስት ሳጥን ይሞላሉ።

ጥጉን ይዞ የሚሄደው ደግሞ «መስኮት» ብሎ ጽፎ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። መ፣ አራት ሳጥን፣ ጎዳና፤ «መንገድ»። ኮ፣ ሦስት ሳጥን፣ ሰማይ፤ «ኮከብ»፣ ጨረቃ ሳትታሰብ ቀረች። አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገ፣ ባዶ፣ ብ ተቀምጠዋል። «ገደብ» ፍንጩ ሳይነበብ ይወጣል፤ ፍንጩ የሚነበበው ለማረጋገጥ ብቻ ነው። አራት መልስ፣ ሦስት ፍንጭ የማሰብ ድካም። ይህ በሠንጠረዡ ውስጥ አሥር ጊዜ ሲደጋገም የደቂቃዎች ልዩነት ይሆናል።

ስለዚህ አነሣሡ እንዲህ ይሁን፤ በመጀመሪያ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ዓይንን በፍንጮቹ ላይ አሳልፎ አንድ የማያጠራጥር መፈለግ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዶ ቦታ ያለው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «ድር ቢያብር ___ ያስር» ካለ አራቱ ሳጥኖች «አንበሳ» ናቸው፤ «ቀስ በቀስ ___ በእግሩ ይሄዳል» ካለ አምስቱ «እንቁላል» ናቸው። ተረትና ምሳሌ በልቡ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ማንም አይቀድመውም። ከዚያ በኋላ ከተሞላው ሳይርቁ፣ ከተጻፈው ቃል የሚወርዱትንና የሚሻገሩትን ብቻ እየተከተሉ መሄድ። ባዶ ሜዳ ላይ ፍንጭ ማንበብ ከሁሉ የከፋው የጊዜ ብክነት ነው።

ሞክሼ ፊደላትና የሳጥን ቁጥር

ትክክለኛ መልስ ተሰርዞ የተሳሳተ የሚገባበት ዋናው ምክንያት የፊደል አጻጻፍ ነው፤ በተለይም ሞክሼዎቹ፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያየው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። «ፀሐይ» በሦስት ሳጥን ውስጥ በስንት መልክ ሊጻፍ እንደሚችል ማሰብ ብቻ ይበቃል። አንዱ አዘጋጅ የግዕዙን ሥርዓት ይጠብቃል፣ ሌላው ሁሉንም በአንድ ፊደል ይጽፋል፣ ሦስተኛው ሠንጠረዡ እንዲገጥምለት ሲል ያቀላቅላል። የመጨረሻውን በግሌ አልወደውም፤ ፈቺው ላይ የሚጣል ዕዳ ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡን የምንፈታው እንደተሠራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚገኙትን ሁለት ሦስት ሞክሼ ያለባቸው ሳጥኖች ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ዓለም» ከ«ዓመት» ጋር በመጀመሪያው ሳጥን ከተገናኘ ስለ አዘጋጁ ምንም አይነግረንም፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ዓለም» ከ«አበባ» ጋር ከተገናኘ ግን አዘጋጁ ሞክሼዎችን እንደ አንድ እንደሚቆጥር አወቅን፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አንድ ሰከንድ ማሰብ የለብንም። ድምፁ ከገጠመ መልሱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ሞክሼ መልስን የሚያጣራው እንጂ የሚጥለው አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው የሳጥን ቁጥርን የሚለውጠው ነው። «ሰምቷል» አራት ሳጥን ነው፣ «ሰምቶአል» አምስት። «ሯጭ» ሁለት፣ «ሩዋጭ» ሦስት። «ጳጉሜ» ሦስት፣ «ጳጉሜን» አራት። «ረቡዕ» ሦስት፣ «ሮብ» ሁለት። አንድ መልስ በትርጉሙ ልክ ሆኖ በአንድ ሳጥን ብቻ ከጎደለ ወይም ከተረፈ፣ ወደ ሌላ ቃል ከመሄድ በፊት ውስጡ ዲቃላ ሆሄ ይኖር እንደሆነ መመልከት ነው። ሊዘረጋ ወይም ሊታጠፍ ይችላል።

የሳጥን ቁጥር ራሱ ፍንጭ መሆኑን የሚዘነጋ ብዙ ነው። የወራትን ስም እንውሰድ። ሁለት ሳጥን ያላቸው ጥርና ሰኔ ብቻ ናቸው። አምስት ሳጥን መስከረም ብቻ ነው። ሦስት ሳጥን ከሆነ ኅዳር፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ወይም ጳጉሜ ነው። አራት ሳጥን ከሆነ ጥቅምት፣ የካቲት፣ መጋቢትና ግንቦት በ«ት» ያልቃሉ፤ የሚያፈነግጡት ታኅሣሥ፣ ሚያዝያና ጳጉሜን ናቸው። «ወር፣ አራት ሳጥን» ሲል «ት»ን ጥግ ላይ አስቀምጦ መቀጠል ነው። ከአንድ እስከ አሥር ካሉት ቁጥሮችም አራት ሳጥን የሚወስዱት አምስት፣ ስድስትና ስምንት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም በ«ት» ያልቃሉ።

የድሮ ማዕረጎች ደግሞ ልዩ ናቸው። ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፤ እያንዳንዳቸው አምስት ሳጥን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳጥኖች አንድ ዓይነት። ፊታውራሪና ነጋድራስም አምስት ሳጥን ናቸው። አምስቱንም ደርድሮ ሁለተኛውን ሳጥን ያየ ሰው ጃ፣ ኛ፣ ራ፣ ታ፣ ጋ ያገኛል፤ ሁሉም ራብዕ። «የቀድሞ ማዕረግ፣ አምስት» ሲመጣ ሁለተኛው ሳጥን ላይ 4 መጻፍ ማለት ነው። ባላምባራስ ስድስት፣ ብላታ ሦስት፣ ራስ ሁለት።

የፈረስ ስሞችም ብዙ ጊዜ ይመጣሉ። የዐፄ ቴዎድሮስ ታጠቅ፣ የዐፄ ዮሐንስ በዝብዝ፣ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው፣ የራስ መኮንን ቃኘው፣ የራስ አሉላ ነጋ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅል። ዳኘውና ቃኘው በመጀመሪያው ሳጥን ብቻ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መገናኛ እስኪገኝ ኘና ውን ጽፎ መቆየት ይቻላል። ሌላው ጥንድ «ዓባይ» እና «አባያ» ነው። አንዱ ወንዝ፣ አንዱ ሐይቅ፣ ሁለቱም ሦስት ሳጥን፣ መነሻቸው በድምፅ አንድ። የሚለያቸው ሦስተኛው ሳጥን ነው፤ ይ ወይስ ያ። ሐይቆች በሁለት ሳጥን፦ ጣና፣ ሻላ፣ ጫሞ። ወንዞች በሁለት ሳጥን፦ ኦሞ፣ ባሮ።

«በግዕዝ» የሚል ምልክት ያለው ፍንጭም የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ለአጫጭር ሳጥን የሚመቹ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ውሃ ማይ፣ ውሻ ከልብ፣ ሰው ብእሲ፣ ሴት ብእሲት፣ ላም ላህም፣ ቀን ዕለት፣ አዎ እወ፣ የለም አልቦ፣ ማን መኑ፣ ምን ምንት። እነዚህን አሥር የያዘ ሰው ብዙ ጥግ ይከፈትለታል።

መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይታይም፤ አዘጋጆችም ይህን ያውቃሉ። «ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ» ቢባል መልሱ «ገና» ነው። «ሲላላ በውሃ ውስጥ፣ ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ» ቢባል «ዋና»። የቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ በሁለት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ማየት ደስ ያሰኛል። እንዲህ ያለ ፍንጭ ላይ የሚሠራው ዘዴ የሚታሰበውን ቃል ድምፅ አውጥቶ በሁለቱም መንገድ ማንበብ ነው፤ ዓይን ብቻውን አያገኘውም።

እጅ፣ ዓይንና ሰዓት

የት እንደሚዘገይ የማያውቅ ሰው የት እንደሚፈጥንም አያውቅም። ለዚህ አንድ ልምምድ አለ። የተፈታ ሠንጠረዥ አጠገብ ያንኑ ባዶውን አስቀምጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሳያስቡ መገልበጥ ብቻ። አሥራ አምስት በአሥራ አምስት የሆነ ሠንጠረዥ 225 ሳጥን አለው፤ 45ቱ ጥቁር ናቸው ቢባል 180 ሆሄ ይቀራል። አንዱ ሆሄ አንድ ሰከንድ ተኩል ከወሰደ ግልበጣው ብቻ አራት ደቂቃ ተኩል ነው። ይህ የእጅ ድርሻ ነው። ጠቅላላው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ከሆነ አሥራ አምስት ተኩሉ የማንበብና የማሰብ ነው፤ የእጅን ጽሕፈት ማፋጠን ብዙ አይጠቅምም። ጠቅላላው ሰባት ደቂቃ ለደረሰ ሰው ግን ጉዳዩ ተገልብጧል፤ ለእሱ ጽሕፈቱን ማቅለል ዋናው ሥራ ነው።

ጽሕፈት የሚቀለው ሆሄውን ትንሽና ክፍት በማድረግ ነው፣ የሳጥኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ። የራብዕን እግርና የሣልስን ቅጥያ ማሳጠር ግን አያዋጣም፤ «ባ» እና «ቢ» ከተምታቱ በኋላ የሚጠፋው ጊዜ ከተቆጠበው ይበልጣል። በድምፅ በሚጻፍ የኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ደግሞ ሳድስ በአንድ ምት፣ ሌሎቹ ቤቶች በሁለት ምት ስለሚመጡ፣ ዓይን ከጣት መቅደሙን መልመድ ይገባል፤ እጅ አንዱን መልስ ሲጽፍ ዓይን የሚቀጥለውን ፍንጭ ያነብባል። መጀመሪያ ስህተት ያበዛል። በቀላል ሠንጠረዥ ላይ ከተለማመዱት ይለመዳል።

ቀላል ሠንጠረዥ ለፍጥነት፣ ከባድ ሠንጠረዥ ለዕውቀት። ሁለቱን አንድ ቀን ማቀላቀል አይመከርም። በከባዱ ላይ ሰዓት አይያዝም፤ ያልታወቀው መልስ ከፍንጩና ከሳጥን ቁጥሩ ጋር ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ በመጨረሻው ሆሄ ተመድቦ። በ«ያ» የሚያልቁ አንድ ገጽ፣ በ«ት» የሚያልቁ አንድ ገጽ። በመጀመሪያ ሆሄ የተደረደረ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሞልቷል፤ በመጨረሻው የተደረደረውን ራስ ነው የሚሠራው።

መንቃት ያለበት ሌላ ነገር፣ በተሳሳተ መልስ ላይ መድረቅ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ መልስን የሚያቋርጡ ሁለት ቃላት እምቢ ካሉ የሚሰረዘው ያ መልስ ነው። ሰው ግን ቀድሞ የጻፈውን ስለሚያምን ሁለቱን አዲሶች ይጠራጠራል፣ ደቂቃዎችም እዚያ ያልቃሉ። ተነባቢዎቹ ገጥመው ቤቱ ብቻ እምቢ ካለ ግን ቃሉን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ስህተቱ በቁጥር፣ በጾታ ወይም በአክብሮት ነው። ፍንጩን እንደገና ማንበብ፤ «ሄደ» የተባለው «ሄዱ» ሊሆን ይችላል።

ሃያ ሰከንድ ያህል ተሞክሮ ያልተከፈተ ጥግ ይተዋል። ዞር ብለው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ቃሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሁሉም ሲሞላ ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና ማንበብ አያስፈልግም። መገናኛ ሳጥኖች በሁለት ቃላት ተመስክሮላቸዋል። መታየት ያለባቸው ብቸኞቹ ናቸው፤ ከላይ ባየነው ጥግ «ገደብ» ውስጥ እንዳለችው «ደ»። ከላይም ከታችም ጥቁር ሳጥን ነው፣ በእሷ የሚያልፍ ሌላ ቃል የለም፣ ብትሳሳት የሚናገር የለም። «ገደብ» ፍንጩ ሳይነበብ ነበርና የመጣው፣ አሁን ፍንጩን ማየት ነው፤ «ወሰን»፣ ሦስት ሳጥን። ልክ ነው። ወደሚቀጥለው ብቸኛ ሳጥን።